እጆቻቸው የት ሄዱ? ስለ ጆን ኦቭ ጎንትና ብላንች መቃብር አሮጌ ሕትመት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳሎኔ ውስጥ፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጎን፣ አንድ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ተሰቅሏል። ባልና ሚስት ጎን ለጎን በጀርባቸው ተጋድመዋል። በላያቸው በድንጋይ የተፈለፈለ፣ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ ጣሪያ ቆሟል። ቤቴ የመጣ እንግዳ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሲመለከተው ይቆይና መጠየቅ ይጀምራል። ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ፤ መልሶቼ ግን ከዓመት ዓመት እየረዘሙ ስለሄዱ በጽሑፍ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ሰበሰብኳቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ተኝተው ነው ወይስ ሞተው?

ሞተዋል። የምናየው ግን ሬሳቸውን አይደለም፤ መቃብራቸው ላይ የተጋደመውን የድንጋይ ምስላቸውን ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ባለጸጋና መኳንንት ሲሞቱ አካላቸው ከታች ይቀበራል፤ ከላይ ደግሞ በሕይወት እንደነበሩ የለበሱ፣ ራሳቸውን ትራስ ላይ ያሳረፉ ምስሎች ይደረጋሉ። ትንሣኤን ይጠብቃሉ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ይህ ልማድ ስላልነበረ እንግዳ ነገር ይመስለናል። አዲስ አበባ በሚገኘው የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን የድንጋይ ሣጥኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በላያቸው የተጋደመ ምስል ግን የለም። እዚህ ሥዕል ላይ ያለውን ለመረዳት በእነዚያ ሣጥኖች ክዳን ላይ ባለቤቶቹ ራሳቸው በድንጋይ ተቀርጸው ተጋድመዋል ብሎ ማሰብ ይበቃል።

ማንና ማን ናቸው?

ባልየው ጆን ኦቭ ጎንት ይባላል። የእንግሊዝ ንጉሥ የኤድዋርድ ሦስተኛ ልጅ ሲሆን በ1340 ዛሬ ቤልጅየም ውስጥ በምትገኘው በጌንት ከተማ ተወለደ። «ጎንት» የሚለው መጠሪያው የከተማዋን ስም እንግሊዛውያን በአንደበታቸው ከለወጡት የመጣ ነው። ሚስቱ ብላንች ደግሞ የላንካስተሩ መስፍን የሄንሪ ኦቭ ግሮስሞንት ልጅ ናት። የተጋቡት በ1359 ነው። አባቷ በ1361 ሞተ፤ በማግስቱ ዓመት እኅቷ ሞድ ተከተለችው፤ የላንካስተር ርስት በሙሉ በብላንች በኩል ለባሏ ሆነ። በ1362 የላንካስተር መስፍን ተባለ። በአገሪቱ ከንጉሡ ቀጥሎ እጅግ ባለጸጋ ያደረገው ይህ የሚስቱ ውርስ ነው።

ለአካለ መጠን የደረሱላቸው ልጆች ሦስት ናቸው። ፊሊፓ የፖርቱጋል ንግሥት ሆነች፤ ኤልሳቤጥ አለች፤ ሄንሪ ደግሞ በ1399 የአጎቱን ልጅ ሪቻርድ ሁለተኛን ከዙፋን አውርዶ ሄንሪ አራተኛ ተባለ።

ብላንች በሃያዎቹ ዕድሜዋ ሳለች ሴፕቴምበር 12 ቀን 1368 አረፈች። ብዙ የቆዩ መጻሕፍት 1369 ይላሉ፤ ሰነዶቹ የሚደግፉት ግን 1368ን ነው።

በፍቅር ነው የተጋቡት?

ጋብቻውን ያደራጀው ንጉሡ ነው፤ ዓላማውም ልጁን ባለርስት ማድረግ ነበር። ሁለቱም የሄንሪ ሦስተኛ ዘር ስለሆኑ ዝምድናቸው ከሊቀ ጳጳሱ (ከፖፑ) ፈቃድ አስፈልጎታል። ስለዚህ ጅማሬው ውል ነው። ከሞተች በኋላ የሆነውን ሳይ ግን ውል ብቻ ነበር ለማለት አልደፍርም።

ጎንት በየዓመቱ ሴፕቴምበር 12 ቀን በለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ሙት ዓመቷ እንዲከበር አደረገ። በ1371 የካስቲልን ልዕልት ኮንስታንስን አግብቷል፤ ከካትሪን ስዊንፈርድ ጋርም ልጆች ወልዷል። ያም ሆኖ በ1374 በዚያው ካቴድራል ለብላንች መቃብር ሲያሠራ ለአንድ ሰው የሚበቃ አላሠራም። የሁለት ሰው መቃብር አሠርቶ ራሱን በሕይወት ሳለ ከጎኗ አጋደመ። ከ25 ዓመት በኋላ በኑዛዜው የሚወዳት ቀዳማዊት ሚስቱ ብላንች በተቀበረችበት እንዲቀበር አዘዘ፤ እንዲያውም ሆነ።

ተጠራጣሪ ሰው «መስፍንነቱ የመጣለት በእሷ በኩል ስለሆነ ከእሷ ጋር መታየት ይጠቅመው ነበር» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው፤ ይጠቅመው ነበር። እኔ ግን ጥቅሙና ፍቅሩ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ አይችሉም የሚል ሕግ አላውቅም። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሙት ዓመት ማስታወስ በስሌት ብቻ የሚዘልቅ አይመስለኝም።

መቃብሩን ማን ሠራው? ከምንስ ተሠራ?

ሄንሪ ዬቭል የሚባል የዘመኑ ታላቅ የድንጋይ ሥራ ባለሙያ፣ ከቶማስ ሬክ ጋር ሆኖ፣ ከ1374 እስከ 1380 ባለው ጊዜ ሠራው። ዬቭል የዌስትሚንስተር ገዳምና የካንተርበሪ ካቴድራል ዐቢይ ክፍሎች ሲሠሩ እጁ የነበረበት ሰው ነው።

ምስሎቹ የተቀረጹት ከአልባስጥሮስ ነው። በወንጌል የምናውቀው፣ ሴቲቱ ሽቶ ይዛበት የመጣችው ብልቃጥ ስሙ ይኸው ነው። የእንግሊዙ አልባስጥሮስ ከጄሶ ማዕድን የሚገኝ ድንጋይ ነው፤ አዎን፣ ግድግዳ የምንለስንበት፣ የተሰበረ እጅ የሚታሸግበት ጄሶ መነሻው እርሱ ነው። ከመሬት ሲወጣ እንደ ሰም የሚያሳልፍ ነጭ ድንጋይ ሆኖ በጥፍር እንኳ የሚጫር ለስላሳ ነው። የቀሚስን እጥፋት፣ የጣትን መገጣጠሚያ፣ የጸጉርን ጉንጉን ለማውጣት የሚመኙት ዓይነት ነገር ነው። ድንጋዩ የመጣው ከተትበሪ አካባቢ ነው፤ የተትበሪ ግንብ የጎንት የራሱ ነበር፤ ብላንች ያረፈችውም እዚያው ነው።

የድንጋዩን ጠባይ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አልባስጥሮስ በውስጡ ውኃ አለው፤ ከ100 ዲግሪ እምብዛም ባልራቀ ሙቀት ውኃውን ማጣት ይጀምርና ይፈረካከሳል፤ በመጨረሻ ዱቄት ይሆናል። የጄሶ ዱቄት የሚዘጋጀው በዚሁ መንገድ ነው።

ለንደን ብሄድ አየዋለሁ?

አያዩትም። እሑድ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1666 ለንደን ውስጥ የተነሣው ታላቅ ቃጠሎ በሦስተኛው ቀን ካቴድራሉ ዘንድ ደረሰ። ሕንፃው በዚያን ጊዜ ለጥገና በእንጨት መወጣጫ ተከቦ ነበር። ጣሪያው የለበሰው እርሳስ ቀልጦ በመንገድ ላይ ፈሰሰ። መጽሐፍ ሻጮች «እዚህስ እሳት አይደርስም» ብለው መጻሕፍታቸውን በሥር ባለው ቤተ ክርስቲያን አከማችተው ነበር፤ ጣሪያው ተንዶ ወለሉን ሲበሳው እርሱም ነደደ። ከመሠዊያው አጠገብ ከነበሩት መቃብሮች መካከል የጎንትና የብላንች አንዱ ነበር። አልባስጥሮስ በእንዲህ ያለ እሳት ምን እንደሚሆን ከላይ ተናግሬአለሁ።

የገጣሚውና የሰባኪው የጆን ደን ሐውልት ከእብነ በረድ ስለተሠራ ተርፏል፤ ከሥሩ ባለው የድንጋይ ገንቦ ላይ የእሳቱ ጥቁረት እስከ ዛሬ ይታያል ይባላል፤ እውነትም ይታያል። ዛሬ የሚጎበኘው ካቴድራል ክሪስቶፈር ሬን ከ1675 ጀምሮ የሠራው ሌላ ሕንፃ ነው። በምድር ቤቱ የጠፉትን መቃብሮች ባለቤቶች ስም የያዘ ጽላት አለ፤ የጎንትም ስም እዚያ ተጽፏል።

ታዲያ ሥዕሉ ከየት መጣ?

ከሥጋት መጣ። እንግሊዝ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ስታዘግም ዊልያም ደግዴል የሚባል የታሪክ አፍቃሪ ነበር። በ1641 ክረምት፣ ጦርነቱ ሊጀምር አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ክሪስቶፈር ሃተን በተባለ ባላባት አሳሳቢነት ዊልያም ሴጅዊክ የሚባል የዓርማ ሠዓሊ ይዞ ተነሣ። ከቅዱስ ጳውሎስና ከዌስትሚንስተር ጀምረው፣ ሊንከንን፣ ዮርክን፣ ሊችፊልድን እያካለሉ፣ በየካቴድራሉ ያሉ መቃብሮችን፣ ጽሑፎችንና ዓርማዎችን ቀዱ። ድንጋዩን ማዳን ባይቻል ጥላው በቀለምና በወረቀት ለትውልድ ይትረፍ የሚል ነበር አሳቡ።

እንዲህ ያለ ሰው ያስደንቀኛል። ሌላው ሰይፉን ሲስል እርሱ ብርዑን ቀረጸ። የፈራው አልቀረም፤ ጦርነቱ መጣ፤ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የፈረሰኛ ጦር መስፈሪያና የፈረስ ጋጣ ሆነ። ደግዴል የሰበሰበውን ይዞ በ1658 ስለ ካቴድራሉ ታሪክ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ሥዕሎቹን የሠራለት ዌንስስላውስ ሆላር ነው። ለእያንዳንዱ ሥዕል ወጪውን የሚሸፍን ሰው እየፈለገ የከፋዩን ዓርማና ስም ከሥዕሉ ጋር ያስቀርጽ ነበር። መጽሐፉ በወጣ በስምንት ዓመቱ ገደማ ሕንፃው ነደደ። ከጦርነቱ ይተርፍ ይሆን ብሎ የሳለውን እሳት በላው፤ ሥዕሉ ግን ለሁለቱም በቃ።

ሆላር እንግሊዛዊ ነው?

አይደለም፤ የፕራግ ሰው ነው። በ1607 ተወለደ፤ በሃያ ዓመቱ አገሩን ለቆ በጀርመን ከተሞች ሲሠራ ቆየ። በ1636 የአሩንደሉ ባላባት ቶማስ ሃዋርድ በዲፕሎማሲ ጉዞ ላይ ሳለ ኮሎኝ ውስጥ አግኝቶት ወደ ለንደን አመጣው። በጦርነቱ ጊዜ ወደ አንትወርፕ ተሰደደ፤ በ1652 ተመለሰ። ከ2,700 በላይ የመዳብ ሥዕሎችን ትቷል። ከተሞችን፣ መርከቦችን፣ የሴቶችን አለባበስ፣ የእጅ ማሞቂያ ጸጉር ሳይቀር ሥሏል። በ1677 ሲሞት ድኻ ነበር። እጁ ላይ ያለፈው የለንደን መልክ ባይኖር ከቃጠሎው በፊት የነበረችውን ከተማ ዛሬ በዓይነ ሕሊናችን ማየት አንችልም ነበር።

አንድ ስደተኛ የሌላ አገርን ትዝታ እንዲህ ሲጠብቅ ማየት፣ ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው የተለየ ትርጉም አለው።

ሥዕሉ እንዴት ነው የተሠራው? በመሮ ተቀርጾ?

ሰው ሁሉ «የመዳብ ቅርጽ» ይለዋል፤ እኔም ለማሳጠር እንዲሁ እላለሁ። በትክክል ግን ሆላር አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በአሲድ ነው። የመዳቡ ሰሌዳ ሰም ባለበት ቅባት ይለበሳል። ሠዓሊው በመርፌ ቅባቱን እየጫረ ይሥላል፤ መዳቡን ራሱን አይቆፍርም። ከዚያ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ይገባል፤ ቅባቱ የተጫረበትን ቦታ አሲዱ ይበላዋል። ቅባቱ ይታጠባል፤ ቀለም ይታሻል፤ ላዩ ይጠረጋል፤ ቀለሙ በጎድጓዶቹ መስመሮች ብቻ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በከባድ ማተሚያ ሲጨመቅ ወረቀቱ ከየመስመሩ ቀለሙን ይስባል።

በመሮ መቅረጽ ጉልበት የሚጠይቅ፣ መስመሩን ጥብቅ የሚያደርግ ሥራ ነው። መርፌው ግን እንደ ብርዕ ይሄዳል። ሆላር ያን ሁሉ የጣሪያ ጉልላት፣ ቅጠልና መስኮት ሳይሰለች የሞላው በዚህ ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ሰሌዳው ላይ በቀኝ የተሣለው ሲታተም በግራ ይወጣል። ሠዓሊው አስቀድሞ ገልብጦ ካልሣለ ቀኝ እጅ ግራ ይሆናል። አሮጌ ሕትመት አይቶ «ጋሻው በዚህ ጎን ነበር» ብሎ ከመማል በፊት ይህን ማስታወስ ይገባል።

በሥዕሉ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው?

ለዚህ ጥያቄ ስል ነው ሌሎቹን ሁሉ የጻፍኩት።

ብዙው እውነት ነው። የመቃብሩ ቁመትና ግርማ፣ በሹል ጉልላቶች የተሞላው ጣሪያ፣ ጎን ለጎን የተጋደሙት ሁለት ምስሎች ነበሩ። ደግዴል እንደጻፈው የጎንት የራስ ቁር፣ ጦሩና በቀንድ የተለበጠ ጋሻው እዚያው ተሰቅለው ይኖሩ ነበር።

ትልቁ ነገር ግን ሥዕሉ ላይ የለም። የዬቭል ምስሎች ቀኝ እጃቸውን ተያይዘው ነበር። ባልና ሚስቱ ድንጋይ ሆነውም እንደ ሠርጋቸው ዕለት እጅ ለእጅ ነበሩ። በሆላር ሥዕል ላይ እጆቻቸው ተያይዘው አይታዩም።

መጀመሪያ ይህን ስረዳ ሥዕሉን ከግድግዳው አውርጄ መስኮት አጠገብ ይዤው ቆምኩ። ለዓመታት አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን እጆቻቸውን አልፈለግኋቸውም። ሥዕሉ የሰጠኝን ብቻ ተቀብዬ ኖሬአለሁ።

እንዴት ሆነ? በዚያ ዘመን ሥዕል ከዓይን በቀጥታ ወደ መዳብ አይሄድም። አንዱ ካቴድራሉ ውስጥ ቆሞ በችኮላ ይነድፋል፤ ሌላው ያስተካክላል፤ ከዓመታት በኋላ ሦስተኛው ከንድፉ ላይ ሰሌዳ ያወጣል። ደግዴል ባስነደፋቸው ንድፎችና በሆላር ሥዕሎች መካከል አሥራ ምናምን ዓመትና ሙሉ ጦርነት አለ። በየደረጃው እጅ ይጠፋል። የመቃብር ምስል ሲባል በአብዛኛው ሰው አእምሮ የሚመጣው ደግሞ መዳፎቹን ደረቱ ላይ አጋጥሞ የሚጸልይ ነው። በእኔ ግምት እጁ የለመደውን ሣለ።

ሆላርን ለመክሰስ አይደለም። ሥራው ባይኖር መቃብሩን ጨርሶ ባላወቅነው። ነገር ግን የዚህ መቃብር ልዩ ነገር ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁኝ ያቺ የእጅ ለእጅ መያያዝ ናት፤ በሰፊው የታወቀው ሥዕሉም ያጣው ያቺኑ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ለሚያይ ሁሉ እጆቹን በቃል እጨምርለታለሁ።

እጅ መያያዝ ያን ያህል ብርቅ ነበር?

በየቦታው የሚታይ አልነበረም፤ የጎንት መቃብር ብቻውን ግን አይደለም። በቺችስተር ካቴድራል የአሩንደሉ ባላባት ሪቻርድ ፊትዛለንና ሚስቱ ኤሌኖር የሚባሉት ምስሎች እጅ ለእጅ ናቸው፤ ኤሌኖር የብላንች አባት እኅት ነበረች። የአሁኑ የእጆቻቸው መልክ በ1843 አካባቢ በተደረገ ጥገና የተስተካከለ ነው። ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛም ሚስቱ አን ስትሞትበት በ1395 ለዌስትሚንስተር የሁለት ሰው መቃብር ሲያዝ፣ ከመዳብ አንጣሪዎቹ ጋር በተደረገው ውል ቀኝ እጆቻቸው የተያያዙ እንዲሆኑ ተጽፏል። የድንጋዩን ሥራ የተቀበለው ያው ዬቭል ነው፣ ከስቲቨን ሎት ጋር። ምስሎቹ እስከ ዛሬ አሉ፤ የተያያዙት እጆች ግን ተሰርቀው ጠፍተዋል። እጅ ቀድሞ የሚሰበር፣ ቀድሞ የሚሰረቅ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያጽናናኝ ፖርቱጋል ውስጥ፣ በባታልያ ገዳም ያለው ነው። እዚያ ንጉሥ ዡዋው ቀዳማዊና ንግሥት ፊሊፓ ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ ቀኝ እጆቻቸው ተያይዘዋል። ፊሊፓ የጎንትና የብላንች ልጅ ናት። የወላጆቿ መቃብር ሲሠራ ገና ወጣት ነበረች፤ ለንደን ውስጥ አይታው እንደነበር መገመት አያስቸግርም። በእናትና በአባቷ መቃብር ላይ የነበረው ነገር በእሳት ጠፋ፤ በእሷ መቃብር ላይ ግን አለ።

በነገራችን ላይ ለእኛ ታሪክም ቅርብ የሆነ ክር እዚህ አለ። በ1520 ወደ አፄ ልብነ ድንግል የደረሰውን የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን የላከው ንጉሥ ማኑኤል የፊሊፓ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ብላንች የቅድመ አያቱ እናት መሆኗ ነው።

ሌሎቹ ሚስቶቹስ?

ኮንስታንስ በ1394 ሞታ ሌስተር ተቀበረች። ካትሪን ስዊንፈርድን በ1396 በሕግ አገባት፤ እሷ በ1403 ሞታ ሊንከን ካቴድራል ተቀበረች፤ መቃብሯም አለ።

ስለ ቀብሩ የሚነገረው የአርባ ቀን ነገር እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ኑዛዜው ላይ አለ። ጎንት ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1399 ሌስተር ውስጥ አረፈ። አስከሬኑ አርባ ቀን ሳይቀበር እንዲቆይ፣ በመድኃኒትም እንዳይቀባ አዝዞ ነበር፤ በእነዚያ ቀናት ሁሉ ለድኾች ምጽዋት ይሰጣል። የተቀበረው ማርች አጋማሽ ላይ ነው። በአስከሬኑ ዙሪያ የሚበሩትን ትልልቅ ጧፎች ሳይቀር ቆጥሯል፦ አሥር ስለ አሥርቱ ትእዛዛት፣ ሰባት ስለ ምሕረት ሥራዎችና ስለ ሰባቱ ኃጢአቶች፣ አምስት ስለ ጌታ ቁስሎች፣ ሦስት ስለ ቅድስት ሥላሴ።

አርባን የምናውቀው እኛ ይህን ስንሰማ ቶሎ ይገባናል። ልዩነቱ እኛ ቀብረን አርባውን እናወጣለን፤ እርሱ አርባው ወጥቶ ተቀበረ። ኑዛዜውን ያነበበ ሰው ይህን መስፍን ትዕቢተኛ ብቻ አድርጎ ማየት ይቸግረዋል። በሕይወቱ በብዙ ሰው የተጠላ ነበር፤ በ1381 ዐመፀኞች ሳቮይ የተባለውን የለንደን ቤተ መንግሥቱን አቃጥለውበታል። አስከሬኑ ይቆይ ሲል ግን ሥጋው ምን እንደሚሆን ሳያውቅ ያዘዘ አይመስለኝም። ባለጸጋው ሰውነት እንደማንኛውም ሰው ሲለወጥ ይታይ ማለቱ ነው።

አሮጌ ቅጂ ቢያጋጥመኝ ዋናው መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

በመጀመሪያ በብርሃን ላይ አጋድመው የሥዕሉን ዙሪያ ይዩ። ከመዳብ የታተመ ከሆነ ሰሌዳው ወረቀቱን የተጫነበት ጠርዝ በጣት ይሰማል። ወረቀቱን ወደ መስኮት ከፍ ቢያደርጉት የዘመኑ ወረቀት የተሠራበት የሽቦ ወንፊት መስመሮች ይታያሉ። ከዚያ ማጉያ መነጽር ይያዙ፤ ጥላው ከመስመር ሳይሆን ከነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ የዘመናችን ማተሚያ ሥራ ነው፤ አይግዙት።

መስመርም ሆኖ ዋናው ላይሆን ይችላል። የደግዴል መጽሐፍ በ1716 እንደገና ታትሟል፤ በ1818 ደግሞ ከሆላር ሥዕሎች እየተቀዱ አዲስ ሰሌዳዎች ተቀርጸው ሌላ እትም ወጥቷል። ብዙ ጊዜ የታተመ ሰሌዳ እየተሞረደ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የሚደበዝዙት ቀጫጭኖቹ መስመሮች ናቸው። በጣሪያው ጥልቅ ጥላ ውስጥ መስመሮቹ ተለይተው ከታዩ ጥሩ ምልክት ነው። እንዲህ ያለው ሥዕል ከመጽሐፍ ተገንጥሎ የሚሸጥ ስለሆነ መሐሉ ላይ የእጥፋት ምልክት ቢኖር አይደንግጡ። ሊገዙ ሲሉ ግን ከየትኛው እትም እንደወጣ ሻጩን ይጠይቁ፤ መጽሐፉን ገና ዛሬ የቀደደው ከሆነ እኔ አልገዛውም።

ሳልገዛ ላየው ብፈልግስ?

የሆላር ሥራዎች የብሪቲሽ ሙዚየምን ጨምሮ በብዙ ታላላቅ ስብስቦች ውስጥ አሉ። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የቶማስ ፊሸር ቤተ መጻሕፍት ሰፊ የሆላር ስብስብ ስላለው ሥዕሎቹን በኢንተርኔት በነጻ አስቀምጧል። እቤቴ ያለውም እንዲህ ካለ የኢንተርኔት ምስል ወርዶ የታተመ ነው፤ በወፍራም ወረቀት ሲታተም ያምራል።

ሲያገኙት ወዲያው ወደ ጣሪያው አይሂዱ። መጀመሪያ ሁለቱን ምስሎች እስኪጠግቡ ድረስ ያጉሏቸው፤ በመካከላቸው ያለውን ቦታ ይዩት። ከዚያ የባታልያውን የፊሊፓን መቃብር ፎቶግራፍ ፈልገው ጎኑ ያድርጉት።